መኪና አንቱ አይባልም

ባለፈው ቅዳሜ አምስት ሰዓት ላይ ላጲሶ ጓዙን ጭኖ ወደ ሆሳዕና ሊሄድ ነበር። ጋዲሴ ደግሞ ሰባት ወር ሙሉ በሆዷ ይዛ የኖረችውን አንድ ነገር ከመሄዱ በፊት ልትነግረው ቆርጣለች። ቆርጣለች ስል፣ ሐሙስ ቆርጣ ነበር፣ ዓርብ ትታው ነበር፣ ቅዳሜ ጠዋት በስልክ ቀስቅሳኝ እንደገና ቆረጠች። «ብቻዬን አልሄድም» አለችኝ። እኔም ሰው ሁሉ ብርድ ልብሱን በሚከናነብበት ሰዓት፣ በሰኔ ካፊያ፣ አያት ባቡሩ ከሚያበቃበት ቦታ ሁለት ኪሎ ብርቱካን ታቅፌ ቆሜ ጠበቅኋት። ተናድጄ ነበር። ብትቀርም ደግሞ የምናደድ ይመስለኛል።

እኔ ማኅደር እባላለሁ። ከአያት አልፎ፣ ኮንዶሚኒየሙ አልቆ ኮረብታው ከሚጀምርበት፣ አንድ የድንጋይ ካባ አለ። ድንጋዩ በማሽን ይፈነቀላል፣ በገልባጭ መኪና ተጭኖ ወደ መፍጫው ይሄዳል፣ ጠጠር ሆኖ ወደ ከተማ ይወርዳል። ቦሌ ላይ አንጋጣችሁ የምታዩት ፎቅ ግማሹ ከእኛ ኮረብታ ተቆርሶ የሄደ ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም። እኔ በሩ ላይ ሚዛን ቤት ተቀምጬ የሚወጡትን መኪኖች እመዝናለሁ። ጋዲሴ ውስጥ ናት፣ አቧራው መሀል።

የተወለደችው እዚያው ነው። አባቷ ጤፍ ይዘሩበት የነበረው መሬት ላይ አሁን ባለ አራት ፎቅ ቤት ተደርድሮበታል። አውድማቸው የትኛው ብሎክ ሥር እንደቀረ ብትጠይቋት በጣቷ ታሳያችኋለች፤ የልጆች መጫወቻው ጋ ነው። አባቷ ካረፉ ቆይተዋል። ከእናቷ ጋር ከካባው በታች ባለች ሦስት ክፍል ቤት ትኖራለች፤ ዕድሜዋ ሠላሳ ሦስት ነው። ቤታቸው የሚነገረው ኦሮምኛ ነው። አማርኛን ከትምህርት ቤት ስለለመደችው አንዱንም ሕግ አታጎድልም፤ ሰው በዕድሜ ትንሽ ከበለጣት «እርስዎ» ነው፣ ምሕረት የለውም። «እኛ ቤት አባቴን አንተ ያለ ልጅ የለም» ትላለች። እኔ ሾላ ተወልጄ ሾላ ያደግኩ የሸገር ልጅ ነኝ፤ አንቱታ ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ብዙም አይሆንልኝም። በዚህ ነገር ስንት ጊዜ ተጨቃጭቀናል።

ሥራዋ መኪና መመለስ ነው። ገልባጭ ወደ ኋላ ሲሄድ ሹፌሩ ጀርባው ያለውን አያይም። ከኋላው ድንጋይም ይሁን ሰው፣ ለእሱ ሁለቱም የሉም። ስለዚህ አንድ ሰው በግራ በኩል፣ በመስታወቱ በሚታይበት ቦታ ቆሞ፣ ዓይኑን ከኋላ ጎማው ላይ ሳያነሣ ይጠራዋል። ይህን ሰው ካባው ላይ «ፍላግማን» ይሉታል። ጋዲሴንም ፍላግማን ይሏታል። ሴት መሆኗን ያስተዋለ አልነበረም፣ ከአንድ ሰው በቀር።

መኪኖቹ ወደ ኋላ ሲሄዱ የሚጮህ ደወል አላቸው። ሹፌሮቹ «ራሳችንን በጠበጠው» ብለው ሽቦውን ይነቅሉታል፤ የካባው ኃላፊ ፈቃዱ ያስቀጥለዋል፤ በሳምንቱ ተነቅሎ ይገኛል። ማን ነቀለው ሲባል ማንም አልነቀለውም። ስለዚህ የሚቀረው የጋዲሴ ድምፅ ነበር። «ና፣ ና፣ ና… ቀኝ ስበር… መልስ… ና… ያዝ!» መፍጫው እየተንገጫገጨም ቢሆን ሚዛን ቤት ድረስ ይሰማኛል። ሬዲዮ ስለሌለኝ የምሰማው እሱን ነበር።

የመጀመሪያዋ ቀን ግን ጉድ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት ሥራ የጀመረች ዕለት መጀመሪያ የመለሰችው መኪና የላጲሶ ነው። ላጲሶ ያኔ ገና አርባ ቢሆነው ነው፤ ግን ጺሙ ቶሎ ሸብቶበታል፣ ሹፌሮቹም «ጋሽ ላጲሶ» ይሉታል። እሷ በመስታወቱ ውስጥ ሽበቱን አየች። ከዚያ ምን ብትል ጥሩ ነው?

«ይምጡ፣ ይምጡ… ወደ ቀኝ ይስበሩ… ይመልሱ… እባክዎ ይያዙ!»

እባክዎ! እሷ «እባክዎ» ብላ እስክትጨርስ የኋላ ጎማው የመፍጫውን ጠርዝ ሊወጣ ምንም አልቀረውም። ካባው በሳቅ ፈረሰ። ፈቃዱ ራሱን ይዞ ጮኸ። እሷ መሬት ብትዋጣት ደስ ባላት። ላጲሶ ከመኪናው ወርዶ፣ ሱሪውን አራግፎ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እህቴ፣ መኪና አንቱ አይባልም» አላት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መኪናው «ና» ሆነ፣ ሰውየው «እርስዎ» እንደሆነ ቀረ። ከመሪው ላይ ሳለ በቀን ሠላሳ አርባ ጊዜ «ና» ትለዋለች። ምሳ ሰዓት ሲወርድ «ጋሽ ላጲሶ፣ ውሃ ይፈልጋሉ?» ነው። ያው ሰው፣ ያው ቀን። እኔ ስስቅ እሷ ምኑ እንደሚያስቅ አይገባትም ነበር። ወይም ይገባት ነበርና አልነገረችኝም።

ነገሩ የገባኝ በድምጿ ነው። ለሌሎቹ ሹፌሮች፣ ለአብኔዘር ለምሳሌ፣ «ና» ስትል አጭር ናት፣ ቆረጥ ታደርጋታለች። ለላጲሶ ስትል ትረዝማለች፣ መጨረሻዋ ላይም ትለሰልሳለች። ሚዛን ቤት ተቀምጬ፣ ሳላይ፣ የማን ተራ እንደሆነ አውቅ ነበር። አንድ ቀን «ለላጲሶ የምትዪው ‹ና› እኮ ሌላ ነው» ብላት ፊቷን በሻርፗ ሸፍና ሁለት ቀን ኮረፈችኝ። ከዚያ በኋላ አልነካካኋትም። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ቀንቻለሁ። እኔን እንደዚያ አድርጎ የጠራኝ ሰው የለም።

ላጲሶ ሚስቱ ከሞተችበት ስድስት ዓመቱ ነው፣ ልጅ የለውም። ከእህቱ ከሩሃማ ጋር አያት ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይኖራል። ጴንጤ ነው፤ መኪናው ውስጥ ቀኑን ሙሉ መዝሙር ይከፍታል። እሷ ደግሞ ረቡዕና ዓርብ የማታጎድል ጿሚ ናት። ይህን ለማስታረቅ መጋቢና ቄስ ይግቡበት፤ እኔ አቅሜን አውቃለሁ። ሁለቱ ግን ከሁለት ዓመት በላይ ከሰላምታ ያለፈ ነገር ሳይነጋገሩ፣ እሱ በመስታወት እያያት፣ እሷ ጎማውን እያየች ቆዩ። የሚያናድድ ትዕግሥት ነው።

ኅዳር ላይ፣ አንድ ሐሙስ፣ ሃረገወይን ምሳ የምትሸጥበት ቆርቆሮ ጥላ ሥር ተቀምጠን ላጲሶ ሳህኑን ገፋ አድርጎ ሳይታሰብ ተናገረ።

«ጋዲሴ፣ መሪ ላይ ስሆን ‹ና› ትዪኛለሽ። ስወርድ ‹እርስዎ›። ታዲያ ምን ላድርግ? መኪናው ላይ ልደር?»

ሹፌሮቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም። እሷ ማንኪያውን አስቀመጠች፣ አነሳችው፣ እንደገና አስቀመጠችው። በመጨረሻ፣ ለሳህኑ የምትነግረው ይመስል፣ «እስቲ ነገ» አለች።

ያን ቀን ለእናቷ በርበሬ ልትገዛ ከእኔ ጋር በሰርቪስ መገናኛ ድረስ መጣች፣ ከዚያ ወደ ሾላ ገበያ ሄድን። መንገዱን ሙሉ ስትለማመድ ነበር። «አንተ። አንተ ላጲሶ። አንተ ውሃ ትፈልጋለህ?» እያለች ትስቃለች፣ ወዲያው ደግሞ ታፍራለች። «በቃ ነገ እለዋለሁ» አለችኝ። «በይው፣ ምኑ ይከብዳል!» አልኳት። ምኑ እንደሚከብድ እኔ የት አውቄ። በርበሬውን ረስታ ወደ ቤቷ ሄደች።

ዓርብ ረፋዱ ላይ፣ አራት ሰዓት ግድም፣ ነፋሱ አቧራውን አንስቶት ነበር። አብኔዘር የጫነውን ድንጋይ ሊገለብጥ ወደ መፍጫው አፍ በኋላ ማርሽ እየመጣ ነው። ጋዲሴ በግራ በኩል ቆማ ትጠራዋለች። የላጲሶ መኪና ከአብኔዘር ቀጥሎ ተራ ይዞ በስተቀኝ ቆሟል። መኪና በሚመለስበት ቦታ ሹፌር ከመሪው አይወርድም፤ ሕጉ በቀይ ቀለም ሚዛን ቤቱ ግድግዳ ላይ ተጽፏል። ላጲሶ ወረደ።

እኔ ሚዛን ቤት ሆኜ የሰማሁት ይህን ብቻ ነው። «ና፣ ና፣ ና…» ረዘም ያለች፣ መጨረሻዋ የለሰለሰች። የላጲሶ ተራ ነው ብዬ አሰብኩ። ከዚያ «ያዝ! ያዝ! ያዝ!» የሚል የሰው የማይመስል ጩኸት መጣ፣ መፍጫው ቆመ፣ ካባው ጸጥ አለ። ያ ካባ በሥራ ሰዓት ጸጥ ሲል ሰምቼ አላውቅም ነበር። ጫማዬ አንዱ እግሬ ላይ ሳይኖር ነው ሮጬ የደረስኩት።

ላጲሶ በገልባጩ ጀርባ አቋርጦ ወደ እሷ ሊያልፍ ሲል የኋላ ጎማው አገኘው። ከሥሩ ሲያወጡት ራሱን አልሳተም ነበር። አብኔዘር መሪውን ጨምድዶ ይዞ አልወርድም ብሎ ሲያለቅስ ሁለት ሰው ጣቶቹን አንድ በአንድ ነው ያላቀቀለት። የላጲሶ ግራ እግር ሆስፒታል ውስጥ ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ።

ሰው ሁሉ የጠየቀው አንድ ጥያቄ ነው። አሥራ ስምንት ዓመት መኪና የነዳ ሰው፣ ወደ ኋላ ከሚመጣ ገልባጭ ጀርባ እንዴት ያልፋል? ፈቃዱና አንድ የደኅንነት ባለሙያ ወረቀት ይዘው ሁሉንም ጠየቁ። ላጲሶ ሆስፒታል አልጋው ላይ ሆኖ «ጎማ ለማየት ነው የወረድኩት፣ ጥፋቱ የራሴ ነው» አለ፣ ፈረመም። አብኔዘር «የተጠራሁትን መጣሁ» አለ። ጋዲሴን «ሲመጣ አይተሽዋል?» አሏት።

«አላየሁትም» አለች።

ነገሩ በዚሁ ተዘጋ። ያን ማታ በስልክ ለእኔ ያለቀሰችውን ግን ማንም አልጻፈውም። ጎማውን አልነበረም የምታየው። ከመኪናው ሲወርድ ጀምሮ ዓይኗ እሱ ላይ ነበር፤ ሐሙስ የተባባሉትን እያሰበች፣ ፈገግ ሲል እያየች፣ አፏ ዝም ብሎ «ና» ይላል። የገልባጩን ጀርባና ላጲሶን በአንድ ላይ ያየቻቸው ጎማው ሲነካው ነው። «ጎማውን ባየው ኖሮ አቆመው ነበር» አለችኝ። እውነቷን ነው። ላጽናናት ብዬ አይደለም ብላት እንኳ ታውቅብኛለች። እኔም የሰማሁትን፣ ያን ረጅም «ና»፣ ለእሷም ለፈቃዱም አልተናገርኩም። ለማን ይጠቅማል አልኩ። አሁን ሳስበው ፈርቼ ነው።

ከዚያ ወዲህ ካባው በፊሽካ ነው የሚሠራው። ፈቃዱ ለሁሉም ፊሽካ አደለ፤ አንድ ረጅም ሲነፋ ና፣ ሁለት አጭር ሲነፋ ቁም። ደወሉም በማይነቀል ሳጥን ታሸገ። የሚገባውን ነው ያደረገው፣ አልወቅሰውም። ግን ጋዲሴ ከኅዳር ጀምሮ በዚያ ካባ ላይ ድምጿ አልተሰማም። እኔ ሚዛን ቤት ተቀምጬ ፊሽካ እየሰማሁ ያን ድምፅ እናፍቃለሁ። እኔ ከናፈቅኩት እሷ እንዴት ትሆን?

ሆስፒታል የሄደችው ከሠራተኛው ጋር ተደብልቃ ነው፣ ከሁሉም ኋላ ቆማ «እግዚአብሔር ይማርዎ» ብላ ወጣች። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ በእግሯ እስከ ኮንዶሚኒየሙ ግቢ በር ትሄዳለች። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለውን መስኮት አይታ ትመለሳለች። ጥበቃው ለምዷት ሰላም ይላታል። «ለምን አትገቢም?» ስላት «ብገባ ምን እላለሁ?» ትለኛለች። ልትነግረው የምትፈልገው ነገር አንድ ነው፣ የምትፈራውም ያንኑ ነው። እሱ እሷን አድናለሁ ብሎ ጥፋቱን ወስዷል፤ እሷ ደግሞ እያየችው አላየሁትም ብላለች። ይህን ሳይሰማ ቢሄድ ዕድሜዋን ሙሉ መስኮት ስታይ ልትኖር ነው። ሰምቶ ቢጠላትስ?

ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ደረጃውን ወጣን። እሷ በየደረጃው መዞሪያ ትቆማለች፣ እኔ ብርቱካኑን ይዤ ከኋላ እገፋታለሁ። ሩሃማ በሩን ከፈተችልን። ቤቱ ባዶ ሆኗል ማለት ይቻላል፤ ፍራሹ ተጠቅሏል፣ ሻንጣዎቹ በር ሥር ተደርድረዋል። ላጲሶ በቀረችው አንድ ወንበር ላይ ተቀምጧል። በሁለቱም እግሩ ጫማ አድርጓል፤ አንደኛው የተሠራለት እግር ነው። ምርኩዙ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። ጺሙን ተላጭቷል። ደነገጥኩ፤ አሥር ዓመት ወጣት ሆኗል።

«እንኳን ደኅና መጣችሁ» አለ።

«ጋሽ ላጲሶ፣ እንዴት ነዎት?» አለች ጋዲሴ። በቃ፣ አትነግረውም አልኩ።

ሩሃማ ሁለት ሻንጣ ይዛ የሚጭናቸውን መኪና ልታይ ወረደች። እኔ «ብርቱካኑን ልጠበው» ብዬ ወደ ኩሽናው ገባሁ። ኩሽናው በር የለውም። እኔም ጆሮዬን የምደፍንበት ምክንያት አልታየኝም።

ስለ መንገዱ ተነጋገሩ። ስለ ዝናቡ ተነጋገሩ። ሆሳዕና ላይ ወንድሙ ወፍጮ ቤት እንዳለው፣ እዚያ ተቀምጦ እንደሚሠራ ነገራት። እናቷ ደኅና መሆናቸውን ጠየቃት። ብርቱካኑ ንጽሕናው ከበቂ በላይ ሆነ። ከዚያ ላጲሶ፣ «ጋዲሴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ብትፈልጊ አትመልሺልኝ» አላት።

«ይጠይቁ።»

«ያን ዓርብ ‹ና› ያልሽው እኔን ነበር?»

ያኔ ነው የገባኝ። ጎማ ሊያይ አልነበረም የወረደው። ሐሙስ «እስቲ ነገ» ተብሎ፣ ነገ ሲደርስ በዚያ ድምፅ ሲጠራ የሰማ ሰው ነው። አሥራ ስምንት ዓመት የነዳውን ሁሉ ረስቶ የሄደው ተጠርቶ ነው። አሁን እሷ አዎ ብትለው እግሩን ያሳጣችው ጠርታ ነው። አይ ብትለው ደግሞ ሳይጠራ ነው እግሩን ያጣው። የትኛውን እንድትል እንደምፈልግ ለራሴም አላውቅም ነበር። ቧንቧውን ዘጋሁት።

«አብኔዘርን ነበር» አለች።

«እሺ» አለ ላጲሶ። ትንሽ ሣቅ አለ፣ ክፉ ሣቅ አልነበረም። «እኔም አልጋ ላይ ሆኜ ሳስበው እንደዚያው ነው ብዬ ነበር። ሰው የፈለገውን ነው የሚሰማው። ይኸው አሁን ዐርፌ እሄዳለሁ።»

ምርኩዙን አንስቶ ከወንበሩ ሊነሳ ተመቻቸ። ከታች የመኪና ጡሩምባ ተሰማ። ሩሃማ እየሮጠች ወጥታ በሩ ላይ ቆማ፣ «መጥቷል፣ ቶሎ ውረዱ ይላል» አለች። ከኩሽናው ወጣሁ። ጋዲሴ ከቆመችበት አልተንቀሳቀሰችም፤ ሻርፗን በሁለት እጇ ጨብጣለች። ልይዛት ስሄድ በክርኗ ገፋችኝ።

«ፈቃዱ ሲጠይቀኝ ‹አላየሁትም› ብያለሁ» አለች። «ውሸቴን ነው። ያላየሁት ጎማውን ነው። አፌ አብኔዘርን ይጠራል፣ ዓይኔ ግን…» እንባዋ አቋረጣት። በመዳፏ ጠረገችውና ቀና ብላ አየችው። «አንተን ነበር የማየው።»

ከታች ጡሩምባው ደገመ።

ላጲሶ ምርኩዙን ግድግዳው ላይ መልሶ አስደገፈው። «ሩሃማ» አለ፣ ዓይኑን ከጋዲሴ ላይ ሳያነሣ፣ «ሹፌሩን ትንሽ ይቆይልን በይው።»